የታረቀኝ ባምላኩ ዳሌ የተቀረጸበት ወንበር

ታረቀኝ ባምላኩ የተገረፈበትን አለንጋ የሠራው ራሱ ታረቀኝ ነው። ከጉማሬ ቆዳ ቆርጦ፣ በቅቤ አለስልሶ፣ እጀታውን ባሕር ዐረብ በሚሉት ቀይ ቆዳ ሸፍኖ፣ በ1954 ዓ.ም. የትንሣኤ ሰሞን ለፊታውራሪ ገብረ ኪዳን አንለይ እጅ መንሻ አድርጎ አቅርቦታል። ፊታውራሪው ተቀብለው «እጅህ ይባረክ» ብለዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ያንኑ እጅ አስቀጥቅጠዋል። እነዚህን ሁለት ድርጊቶች ጎን ለጎን ያስቀመጥኋቸው፣ ሁለቱም ከአንድ ሰው የወጡ መሆናቸው ከመነሻው እንዲታወቅልኝ ነው።

ታረቀኝ የተወለደው በደብረ ማርቆስ ከተማ በታችኛው ዳር፣ ወንዙ አጠገብ፣ ነፋሱ የቆዳ ሽታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በማይወስድበት አቅጣጫ ነው። አባቱም አያቱም ቆዳ ፋቂዎች ነበሩ። ርስት አገሬውን ሁሉ በዘር ሲያዳርስ እነርሱን ዘልሏቸው ስላለፈ፣ የቤታቸው ምሰሶ የቆመው በሰው መሬት ላይ ነበር፤ መሬቱም የፊታውራሪ ገብረ ኪዳን ነበር። ከአምበር፣ ከሮብ ገበያ፣ አልፎም ከደብረ ወርቅ ባለ በቅሎዎች ኮርቻ ሊያሠሩ ወደ ታረቀኝ ይመጡ ነበር፤ ቤቱ ገብቶ እህል የቀመሰ ግን አንድም አልነበረም። ደጅ ቆመው ይነጋገራሉ፤ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ሲመለሱም «ቡዳው ጥሩ እጅ አለው» ይባባላሉ።

በሃያ ዓመቱ በፊታውራሪው አባት በቅሎ ላይ አዲስ ኮርቻ ሲለካ እንስሳዋ ረግጣ ቀኝ ዳሌውን ሰበረችው። አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ሲራመድ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ሲቀመጥም ቀኝ ጎኑ ከግራው አንድ ጣት ያህል ዝቅ ይላል። አንባቢ ይህችን አንድ ጣት እንዲያስታውሳት አሳስባለሁ፤ በኋላ በዳኛ ፊት ተለክታለችና።

ኮርቻ እንዴት እንደሚሠራም መታወቅ አለበት። እንጨቱ ይጠረባል፤ የበግ ጠጉር ይደለደልበታል፤ ከላዩ እርጥብ ቆዳ ይወጠራል። ቆዳ የመጨረሻ መልኩን የሚይዘው ሲደርቅ ከላዩ ከሚያርፈው ክብደት ነው። ባዶውን ከደረቀ ይኮማተራል፤ ተቀማጩንም ያቆስላል። ስለዚህ ኮርቻ ሠሪው ቆዳው እስኪደርቅ ድረስ በየቀኑ ይቀመጥበታል። ይህን ሥራ «ማስያዝ» ይሉታል። በዚያ አገር በቅሎ ላይ የወጣ ባላባት ሁሉ፣ አስቀድሞ ፋቂ በተቀመጠበት ላይ የተቀመጠ ነው። ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም አይናገረውም።

በ1958 ዓ.ም. መግቢያ ፊታውራሪ ገብረ ኪዳን ከከተማው ዳር አዲስ ቪላ አሠሩ፤ መስኮቱ ባለ መስተዋት፣ ወለሉ ሊሾ ሲሚንቶ፣ ሳሎኑም ሰፊ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ አንድ የፈረንጅ መጽሔት ይዘው መጡ። ጥቅምት 9 ቀን ታረቀኝን አስጠርተው፣ ከደረጃው በታች እንደ ቆመ፣ አንዱን ገጽ ገልጠው አሳዩት። ሥዕሉ የማረፊያ ወንበር ነበር፤ ጀርባው ወደ ኋላ የተንጋለለ፣ መቀመጫው በቆዳ ተለብጦ ያበጠ፣ ከፊቱም ለእግር ማሳረፊያ የተበጀለት።

«እመቤቴ፣ በሽተኛ የሚተኛበት ነው?» ብሎ ጠየቀ ታረቀኝ።

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ሳቁ። «ጤነኛ ነው የሚያርፍበት። አዲስ አበባ የደህና ሰው ሳሎን ያለዚህ አይሞላም።»

ታረቀኝ ሥዕሉን ከራቀበት ሆኖ ደጋግሞ ተመለከተው። «ገባኝ፤ በቅሎ የሌለው ኮርቻ ነው» አለ። «ይሠራል።»

ፊታውራሪውም ከሳሎኑ ወጥተው፣ ዘመናዊ ሰው የሚሠራው በውል ነው አሉና መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴን አስጠሩ። መሪጌታ የቤቱ ነፍስ አባትና ጽሕፈት አዋቂ፣ ለግብዣም ቀልደኛ ሰው ነበሩ። ውሉን እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ «ታረቀኝ ባምላኩ በሥዕሉ የታየውን ወንበር ሠርቶ ያስረከበኝ እንደ ሆነ፣ ቤቱ የቆመበትን ቦታ ከነግቢው ለእርሱና ለሚስቱ ለእቴናት ለዘለዓለም ለቅቄላቸዋለሁ።» ፊታውራሪው ፈረሙ። ታረቀኝ በአውራ ጣቱ አተመ። ከሰባት ትውልድ ፋቂ አንድ ሰው ምሰሶውን በራሱ መሬት ላይ ለመትከል ከዚያ ወረቀት የቀረበ ዕድል ኖሮት አያውቅም።

ታረቀኝ ከመሰናበቱ በፊት አንድ ነገር ተናገረ፤ ይህ ንግግር የተሰማው በሦስት ሰዎች ፊት ነው።

«ጌታዬ፣ ቆዳው እርጥብ ሳለ እርስዎ ራስዎ ቢቀመጡበት የእርስዎን ገላ ይይዛል። ዘጠኝ ቀን፣ በቀን ጥቂት ጥቂት ሰዓት ነው።»

«እኔ? በእርጥብ ቆዳ ላይ?» አሉ ፊታውራሪው። «ከበሬው ጋር አብረህ ልታለፋኝ ነው? እንደ ኮርቻዬ አድርገህ ሥራው። ኮርቻዬ ተስማምቶኛል።»

እንደ ኮርቻዬ አድርገህ ሥራው። ትእዛዙ ይህ ነበር።

እቴናት ውሉን ተቀብላ እንደ ክታብ አጣጠፈችው። ባሏ በቀይ ቆዳ ማኅደር ሰፋላትና በአንገቷ አሰረችው።

«ሰውዬው ቃሉን የሚጠብቅ መስሎህ ነው?» አለችው።

«ቃሉን ማን ያዘው? የያዝሁት ወረቀቱን ነው።»

«ወረቀት ይቀደዳል፣ ታረቄ።»

«ለዚህ አይደል ቆዳ ያለበስሁት?»

ታረቀኝ ክፈፉን ከዋንዛ እንጨት ጠረበ። እቴናት ከሮብ ገበያ የመጣ የበግ ጠጉር አጥባ፣ አበጥራ፣ ደለደለችለት። ከታኅሣሥ 20 ቀን ጀምሮ እስከ 28 ድረስ ታረቀኝ እርጥቡ ቆዳ ላይ ተቀመጠ። ከደጁ ፀሐይ ላይ ተንጋሎ፣ እግሩን ሰቅሎ፣ ጠፍር እየገመደ ይውል ነበር። መንገደኞች እያዩ ይስቁበት ነበር፤ ከእነርሱም መካከል የፊታውራሪው ጋሻ ዣግሬ መንግስቱ ቆም ብሎ «ወይ ታረቀኝ፣ ደጃዝማች ሆንህ!» ብሎታል። ታረቀኝም ስቆ ጠፍሩን መግመድ ቀጠለ። ጀርባው በእርጥበቱ ቆስሎ ነበር።

ጥር 12 ቀን ሐሙስ፣ በጥምቀት ማግሥት፣ ፊታውራሪው ለቪላው ምረቃ ግብዣ አደረጉ። ባላባቶች፣ ካህናትና ሹማምንት አሥራ ሁለት ሆነው በሳሎኑ ዙሪያ ተቀመጡ። ወንበሩ በመካከል ነበር። ታረቀኝ የቀረ ነገር ቢኖር ሊያስተካክል የእንጨት መዶሻውን ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል። ፊታውራሪው ካባቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

ወንበሩ አልተቀበላቸውም። ቀኝ ጎናቸው በቆዳው ላይ ወደ ነበረው ጉድጓድ ገባ፤ ግራቸው ወደ ላይ ቀረ፤ ከባድ ሰው ነበሩና ጀርባው ይዟቸው ሲንጋለል እግራቸው ከወለሉ ተነሣ። ለመነሣት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ሁለተኛ ሞከሩ። አንድ ጫማቸው ወለቀ።

«ፊታውራሪ፣» አሉ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ብርሌያቸውን እንደያዙ፣ «ይህ ወንበር እኮ ለሌላ ሰው የታጨ ነው!»

አሥራ ሁለቱም ሳቁ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍም ሳቁ። በዚያ ሳቅ መካከል ታረቀኝ፣ አንድ ባለሙያ ሥራው ሲነቀፍ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ እውነቱን አስረዳ።

«አይቆጡ ጌታዬ። እኔ ስላስያዝሁት ነው። ዘጠኝ ቀን ተቀምጬበታለሁ፤ እርስዎም አንድ ወር ሲቀመጡበት እርስዎን ይለምዳል።»

ሳቁ ቆመ።

«ተቀምጬበታለሁ?» አሉ ፊታውራሪው። «ፋቂ፣ ከእኔ በፊት፣ በእኔ ሳሎን ወንበር ላይ?»

«እንደ ኮርቻው አድርገው አሉኝ፣ ጌታዬ። ኮርቻዎንስ ቢሆን አስቀድሜ የተቀመጥሁበት እኔ አይደለሁም? የጌቶችን ሁሉ ኮርቻ ያስያዝሁት እኔው ነኝ።»

በሳሎኑ ውስጥ ከነበሩት እንግዶች የታረቀኝ ኮርቻ የሌለው አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው ነገሩን ለራሱ ሰማው። በኋላ ስለ ሆነው ነገር አንዳቸውም አፋቸውን ያልከፈቱበትን ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ምክንያቱ እዚህ ላይ ነው፦ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይናገረው ነገር በጉባኤ ተነገረ።

መንግስቱ ፊታውራሪውን ከወንበሩ ጎትቶ አነሣቸው። ቀጥሎ ታረቀኝን በአንገቱ ይዞ ወደ ግቢው አወጣው። ከወገቡ በላይ ልብሱን ገፈው ከበረንዳው ምሰሶ ጋር በጠፍር አሰሩት፤ ጠፍሩም የራሱ የታረቀኝ ሥራ ነበር። እንግዶቹ ብርሌያቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ወጡ። ፊታውራሪው ያንኑ የትንሣኤውን አለንጋ ለመንግስቱ ሰጥተው መሪጌታን እንዲቆጥሩ አዘዙ፤ መሪጌታም በግእዝ ቆጠሩ። አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ። በሰባተኛው ቆዳው ተተለተለ። በሃያኛው ደሙ በሱሪው ውስጥ ወርዶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደረሰ። በሠላሳኛው ጩኸቱ ቆመና ማንኮራፋት የመሰለ ድምፅ ብቻ ቀረ። አርባ ሲሞላ መሪጌታ መቁጠሩን አቆሙ።

«ምን ሆኑ?» አሉ ፊታውራሪው።

«አርባ ሞላ፣ ፊታውራሪ። የኦሪቱ ሕግ እዚህ ላይ ያበቃል።»

«እንግዲያው ከአንድ ይጀምሩ።»

መሪጌታ ከአንድ ጀመሩ። ሁለተኛው ቁጥር ሃያ አንድ ላይ ሲደርስ ታረቀኝ ራሱን ሳተ። ጠቅላላው ስድሳ አንድ ነው። የተማረ ሰው፣ መስቀል በእጁ ይዞ፣ በማይናወጥ ድምፅ የቆጠረው ስድሳ አንድ።

ውኃ አፍስሰው ቀሰቀሱት። መንግስቱም ቀኝ እጁን በደረጃው ድንጋይ ላይ አጋድሞ፣ ታረቀኝ ይዞት በመጣው የእንጨት መዶሻ መታው፤ አውራ ጣቱን ለብቻ፣ አራቱን በአንድነት፣ በመጨረሻም የእጁን አንጓ። «አሁን ያዝ!» አለው። እንግዶቹ ወደ ሳሎኑ ተመልሰው ጥሬ ሥጋ በሉ።

በዚያው ቀን መንግስቱና ሦስት አሽከሮች ወደ ታረቀኝ ቤት ሄደው ውሉን ፈለጉ። መደቡን ቆፈሩ፤ ጎታውን ሰበሩ፤ የእቴናትን ጥርስ በሰደፍ አራገፉ። አንገቷ ላይ ያለውን ክታብ ግን አልነኩም። የፋቂ ክታብ ይነካናል ብለው ፈርተው ነበር።

ታረቀኝ ሦስት ወር ተኝቶ ተነሣ። ስለ ግርፋቱ ያቀረበው ክስ በአሥራ ሁለቱ እንግዶች መሐላ ውድቅ ሆነ፤ አሥራ ሁለቱም «ከበቅሎ ወድቆ ነው» ብለው ማሉ። ታረቀኝ በሕይወቱ በቅሎ ኖሮት አያውቅም። ስለ ቦታው ያቀረበው ክስ ግን በደብረ ማርቆስ ከሌላ አገር በመጡ አንድ ዳኛ ፊት ተሰማ፤ ወረቀት ነበረውና። እቴናት ማኅደሩን በችሎት ፊት በጥርሷ ልትቀድ ሞክራ፣ ጥርሷ ስለ ሌለ በመቀስ ቀደደችው።

ፊታውራሪው ፊርማቸውን አልካዱም። «ውሉ የእኔ ነው» አሉ። «ወንበሩን ግን አልሠራም። ሳሎኔ ያለውን ወንበር ከአዲስ አበባ ገዝቼዋለሁ። ፋቂ እንዲህ ያለ ነገር ሊሠራ ይችላል?» ውሉን የጻፉት መሪጌታ ተጠየቁ፤ እርጅና ማስታወስ እንደ ነሳቸው ገለጹ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍም ወንበሩ የተገዛ ነው አሉ።

ዳኛው ወንበሩ ይቅረብ ብለው አዘዙ። ሰኔ 14 ቀን ማክሰኞ ወንበሩ በአራት ሰው ሸክም ወደ ችሎቱ ገባ።

«አንተ የሠራኸው ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለህ?» አሉ ዳኛው።

ታረቀኝ የተሰበረውን እጁን በግራው ደግፎ «ጌታዬ፣ አስቀምጠው ይዩን» አለ። «መጀመሪያ እርሳቸውን፤ ኋላ እኔን።»

ፊታውራሪው ተቀመጡ። እንደ ምረቃው ቀን ወደ ቀኝ አዘነበሉ፤ እግራቸው ተነሣ። ከችሎቱ ኋላ አንድ ሰው ሳል መስሎ ሳቀ። እቴናት ግን ሳትደብቅ ተናገረች።

«አዲስ አበባም የሚቀመጠው አንካሳ ነው እንዴ?»

«ዝም በይ!» አሏት ዳኛው፤ ነገር ግን ቃሏን በመዝገቡ አስጻፉት።

ከዚያ ታረቀኝ ተቀመጠ። የተጣመመው ዳሌው ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ተገጠመ፤ ትከሻው ተስተካከለ፤ እግሩ በማሳረፊያው ላይ አረፈ። ግርፋቱ ያጎበጠው ሰው ከአምስት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ታየ። ዳኛው ከወንበራቸው ወርደው አንዲት ወረቀት በዳሌውና በቆዳው መካከል ሊያስገቡ ሞከሩ። በቀኝም በግራም አልገባችም። ጸሐፊው በጣት ለካ፤ ቀኙ ከግራው አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ የወንበሩም ጉድጓድ እንዲሁ። ያን ልክ የለካሁትም በመዝገቡ የጻፍሁትም እኔ ነኝ።

ቦታው ከነግቢው ለታረቀኝ ባምላኩና ለእቴናት ተፈረደ። ወንበሩ ለፊታውራሪው እንዲመለስ ተወሰነ።

ታረቀኝ ከችሎት ሲወጣ አልጨፈረም፤ አልፎከረም። በማግሥቱ በግራ እጁ አጥር ማጠር ጀመረ። ሲሠራ ያዩት እንደሚሉት እንጨቱን ከተከለ በኋላ አፈሩን በተረከዙ እየደጋገመ ይረግጠው ነበር፤ ሥራው ከሚፈልገው በላይ።

ሰኔ 25 ቀን ቅዳሜ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ገበያተኛው ሲመለስ፣ መንግስቱና ሦስቱ አሽከሮች ወንበሩን ተሸክመው መጡ። ዝናብ ያካፋ ነበር። ወንበሩን ከአጥሩ ውስጥ አስገብተው አስቀመጡት።

«ጌቶች ወንበርህን ልከውልሃል» አለ መንግስቱ። «ተቀመጥበት።»

«የእኔ አይደለም» አለ ታረቀኝ። «ችሎቱ የእሳቸው ነው ብሏል። የእኔ መሬቱ ነው።»

«ተቀመጥ ብዬሃለሁ፣ አንተ ቡዳ!»

«በገዛ መሬቴ ላይ ቆሜ ነው የምውለው።»

መንግስቱ በዲሞትፈር ጠመንጃው ሆዱ ላይ ተኮሰ። ታረቀኝ አልወደቀም፤ በግራ እጁ የተከለውን የአጥር እንጨት ያዘ። ሁለተኛው ጥይት ደረቱን አገኘው። አራቱ ሰዎች እጁን ከእንጨቱ ላይ አላቅቀው፣ ጎትተው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት፤ እግሩንም በማሳረፊያው ላይ አስተካከሉት። እቴናት ከደጃፉ ላይ ቆማ ሁሉን አየች።

«አየሽ?» አላት መንግስቱ።

«አይቻለሁ» አለችው። «ስምህንም የእናትህንም ስም አውቃለሁ።»

ከሠላሳ የማያንስ ገበያተኛ በመንገዱ ላይ ቆሞ ነበር። ሲጠየቁ ሁሉም ወደ ኋላ ቀርተው እንደ ነበር ተናገሩ። የእቴናት ቃል የሚስት ቃል ነው ተባለ፤ መዝገቡም ምስክር አልተገኘም ተብሎ ተዘጋ። ሬሳውን ለማንሣት የደፈረ ጎረቤት ያገኘችው በእሑድ ረፋድ ነው። እስከዚያ ድረስ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ወረደበት፤ ቆዳውም በዝናብና በደም ርሶ እንደ ገና ለሰለሰ። ሬሳውን ሲያነሡት ጉድጓዱ ዳሌውን ብቻ ሳይሆን ትከሻውንም፣ ወደ ጎን የወደቀ ራሱንም ይዞ ተገኘ።

እቴናት ወንበሩን ጎትታ ወደ ቤቷ አስገባችው። ባዶውን እንዳይኮማተርም አፈር ሞልታበት፣ ምድጃ ዳር አቁማ አደረቀችው።

ፊታውራሪ ገብረ ኪዳን እንድትለቅ ሦስት ጊዜ ላኩባት፤ ሦስቱንም ጊዜ የፍርዱን ግልባጭ አሳይታ መለሰቻቸው። ግልባጩን በአዲስ ማኅደር ሰፍታ በአንገቷ ታስረዋለች፤ ስፌቱ ግን እንደ ባሏ አያምርም። መንግስቱ ዛሬም የቪላውን በር ይጠብቃል። መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ዛሬም በቅዳሴ ይቆማሉ። አሥራ ሁለቱ እንግዶች በታረቀኝ ኮርቻ ተቀምጠው ይሄዳሉ።

ከዚህ በላይ የጻፍሁትን የሚጠራጠር ሰው ከተማው ታችኛው ዳር፣ ወንዙ አጠገብ፣ ግማሹ ብቻ የታጠረ ግቢ ያገኛል። ገብቶ ወንበሩን ይለካው። ቀኙ ከግራው አንድ ጣት ዝቅ ይላል።